ስልኩን ለዘጋችሁ፣ መንገዱን ለዘጋችሁ

ይድረስ፦ ከሰኔ 21 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ የመቐለ ስልክ፣ ባንክ፣ መብራትና መንገድ እንዲዘጋ ላዘዛችሁ፣ ለፈረማችሁ፣ ትእዛዙን ለፈጸማችሁ፤ ጦርነቱን ለጀመራችሁ፣ ላራገባችሁና ለማቆም ለዘገያችሁ፤ በየትኛውም ወገን ለምትገኙ ሁሉ።

ጉዳዩ፦ እህቴ ቄስ ደርሶላት ሞተች ወይስ ሳይደርስላት የሚለውን ጥያቄ ይመለከታል።

በታኅሣሥ 2015 የመቐለ ስልክ ተከፈተ ሲባል ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ነበር። ጠመኔውን አስቀምጬ ወደ ግቢው ወጣሁ። የእህቴን ቁጥር አንድ ዓመት ከስድስት ወር ሙሉ በየቀኑ ስደውል ኖሬአለሁ፤ በየቀኑም የሚመልስልኝ ያ የተቀዳ የሴት ድምፅ ነበር። ያን ቀን ጠራ። ሲጠራ ጉልበቴ ከዳኝና ከሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ ሥር ተቀመጥኩ። ያነሳችው ሌላ ልጅ ናት። እህቴን አገናኚኝ ስላት ጥቂት ዝም አለችና «ወጣ ብላለች፣ በኋላ ይደውሉ» አለችኝ። ድምጿ ልክ አልነበረም፤ ልቤ ግን መስማት አልፈለገም። «ስትመጣ ወንድምሽ ደውሏል በያት» ብያት ዘጋሁ።

በማግስቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። የአጎቴ ልጆችና ሁለት የሰፈራችን ሽማግሌዎች ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመዋል። በዚያ ሰዓት ሰው ተሰብስቦ በር የሚመታው ለምን እንደሆነ እናንተም የዚህ አገር ልጆች ናችሁና ታውቁታላችሁ። ያቺ ስልኩን ያነሳች ልጅ፣ መርዶ በስልክ አይነገርም ብላ፣ ከእህቴ ስልክ ላይ የአጎቴን ልጅ ቁጥር ፈልጋ አግኝታ፣ ሰው ተሰብስቦ እንዲነግረኝ ለምና ነው። ገና የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። በዚያ ሁሉ መከራ ውስጥ ወጉን አልረሳችም።

ለካ እህቴ ካረፈች ዓመት አልፏታል። ታኅሣሥ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው የሞተችው። እሷ አፈር ከለበሰች አራት ወር ሲሞላት እኔ የፋሲካ በግ አርጄ ልጆቼን ሰብስቤ በልቻለሁ። በሰኔ የጓደኛዬ ሰርግ ላይ ጨፍሬአለሁ፤ ፎቶው አለ፣ ስስቅ ያሳያል። ያንን ፎቶ ዛሬም ማየት አልችልም። አዲግራት ያለችው እናታችን እንኳን የልጇን ሞት የሰማችው ከአርባዋ በኋላ በእግሩ ከመጣ መንገደኛ ነው። ሰው ወንድሙን፣ እናቱን፣ ልጁን በጊዜው እንዳያለቅስ ማድረግ ምን የሚባል ነው? በሕግ ስም አለው? እኔ ስም አላገኘሁለትም።

ለቅሶው ሰከን ሲል ያቺን ልጅ መልሼ ደወልኩላትና የጠየቅኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቄስ ደርሶላት ነበር?» አልኳት። መልሱን በስልክ ልትነግረኝ አልቻለችም። «ይምጡና ሁላችንም ባለንበት እንንገርዎት» አለችኝ።

ከሞቱት ብዛት፣ ከተደፈሩት እህቶቻችን፣ ከተቃጠለው ቤትና ከተዘረፈው ሆስፒታል አንጻር ጥያቄዬ ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል። ለእኔ ግን ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ይኸው ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እኛ ካቶሊኮች ነን። በትግራይ ጥቂት ነን፤ አብዛኞቻችን ከዓጋመና ከኢሮብ ነን። ቅዳሴያችን ግዕዝ ነው፣ ጾማችንም ከጎረቤቶቻችን ብዙ አይለይም። አያታችን የዓሊቴና ሰው ነበረች። ልጅ ሳለን የምትነግረን ታሪክ የአቡነ ያዕቆብን ነበር፤ ዓለም ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያኮቢስ ብሎ የሚጠራቸውን፣ እ.ኤ.አ. በ1839 ዓድዋ የገቡትን ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 31 ቀን 1860 ከምፅዋ ወደ ደጋ ሲወጡ በትኩሳት ተቃጥለው አሊገዴ የተባለ በረሃ ላይ፣ መንገድ ዳር ነው የሞቱት። አያቴ እዚህ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሜዳ ላይ ሞቱ፤ ግን ብቻቸውን አልሞቱም፣ ልጆቻቸው ከበዋቸው ነበር» ትለን ነበር። እንግዲህ በእኛ ቤት ጥሩ ሞት ማለት ይህ ነው። አልጋ ባይኖር፣ ቤት ባይኖር፣ የሚጸልይልህ ሰው አጠገብህ ካለ ጥሩ ሞት ነው።

እህቴ በ2010 ነው መቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተቀጠረችው። ፓርኩ በሐምሌ 2009 ሲመረቅ ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር የወጣባቸው 15 ሼዶች ቆመው ነበር፤ ከየገጠሩ የመጡ ልጃገረዶችም በየቀኑ በበሩ ይሰለፉ ነበር። እሷ የስፌት ኦፐሬተር ሆነች፤ የቲሸርት ኮሌታ ትሰፋ ነበር። የፋብሪካውን ስም አልጠራም፣ ጉዳዬ ከእሱ ጋር አይደለም። ከፓርኩ አጥር ማዶ ከሦስት የሥራ ባልደረቦቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ነበር፤ አንዷ የእንደርታ ልጅ ኦርቶዶክስ፣ አንዷ የውቅሮ ልጅ ሙስሊም፣ ሦስተኛዋ የሳምረ ልጅ። አራት ፍራሽ፣ አንድ ምድጃ፣ በግድግዳው ላይ በአንድ በኩል ማርያም በሌላ በኩል የመስጊድ ሥዕል ያለበት ካላንደር።

ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ያለ ኢንሱሊን መዋል ማደር የማይቻልበት ዓይነት። ጣቶቿን ባያችሁ! ስኳሯን ለመለካት በየጠዋቱ የምትወጋቸው ነጠብጣቦች አሉ፤ የስፌት ማሽኑ መርፌ ሲስታት የወጋቸው አሉ። አንድ ጊዜ መዳፏን ዘርግታ «የትኛው የስኳሩ፣ የትኛው የፋብሪካው እንደሆነ ለይልኝ» ብላኝ መለየት አቅቶኛል። እጆቿን አስታውሷቸው፤ በኋላ እመለስባቸዋለሁ።

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ሌሊት ጦርነቱ ተጀመረ፣ ስልኩም ያን ሌሊት ጠፋ። ፋብሪካው ቆመ። በኋላ ስልኩ ለጥቂት ወራት ተከፍቶ ነበር፤ ድምጿን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው። ሰኔ 21 ሁሉም ነገር እንደገና ተዘጋ፤ ስልኩ፣ ባንኩ፣ ነዳጁ፣ አውሮፕላኑ። ብር ልልክላት አልቻልኩም። ሦስቱ ጓደኞቿ እንደነገሩኝ ኢንሱሊኗን እርጥብ ጨርቅ በጠቀለሉት ማሰሮ ውስጥ ያስቀምጡላት ነበር፣ መብራት ሲጠፋ እንዳይበላሽ። በመስከረም መጠኑን ቀነሰች። በኅዳር በሁለት ቀን አንዴ ሆነ። ለምን አዲግራት ወደ እናቷ አትሄድም ነበር ያላችሁ እንደሆነ፣ መድኃኒት ከተገኘ የሚገኘው መቐለ ነው ብላ ነው።

ሐኪሞቹን አልወቅስም። የመቐለው ዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች መድኃኒትና ጓንት እያለቀባቸው፣ ሊድን የሚችል ሰው በእጃቸው ላይ እየሞተ መሆኑን እ.ኤ.አ. በጥር 2022 መጀመሪያ ለዓለም ጽፈዋል። ቀይ መስቀል ከመስከረም ወዲህ የመጀመሪያውን መድኃኒት የጫነ አውሮፕላን መቐለ ያሳረፈው ጥር 18 ቀን 2014 ነው። የእህቴ አርባ ሊደርስ ሲል ማለት ነው።

የታኅሣሥ 11ን ሌሊት ሦስቱም በየተራ ነው የነገሩኝ፤ አንዷ ሲያቅታት ሌላዋ እየቀጠለች። ከሁለት ቀን በፊት ሆስፒታል ወስደዋት ኢንሱሊን የለም ተብለዋል። ሌሊቱን ታስመልሳለች፣ ውኃ ውኃ ትላለች፣ አተነፋፈሷ ረጅም ሩጫ የሮጠች ይመስላል፣ ትንፋሿ የበሰለ ፍሬ ይሸታል። አልፎ አልፎ ስትነቃ የምትለው አንድ ነገር ነው፤ «አባን ጥሩልኝ»።

ይህንን ቃል እንድታስቡበት እለምናችኋለሁ። ጥሩልኝ ነው ያለችው።

እኛ ምሥጢረ ቀንዲል የምንለው፣ በላቲኑ ሥርዓት የሕሙማን ቅባት የሚባለው ምሥጢር መሠረቱ የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 ነው። ሐዋርያው እዚያ ላይ የታመመ ሰው ካህናትን እንዲያስጠራ፣ እነሱም ዘይት ቀብተው እንዲጸልዩለት ያዛል። የሚጠራው ታማሚው ራሱ ነው። ምሥጢሩ የሚጀምረው ካህኑ ዘይቱን ሲባርክ ሳይሆን ሰውየው ከአልጋው ላይ ሆኖ ሲጣራ ነው። የድሮ አባቶቻችን ሥርዓቱን ሲያሟሉት ሰባት ካህናት ተሰብስበው፣ ሰባት መብራት በዘይቱ ላይ አብርተው ይጸልዩ ነበር፤ ቀንዲል የተባለውም ከዚያ ነው። ካህናቱ እንዲመጡ ሮጦ የሚጠራ ሰው ያስፈልግ ነበር። በእኛ ዘመን የሚጠራው ስልክ ነው። እናንተ የዘጋችሁት የፖለቲከኛን ስልክ ብቻ አልነበረም። ታማሚ ሐኪሙን፣ ታማሚ ካህኑን የሚጠራበትን አንደበት ነው የዘጋችሁት። ከከተማ ውጭ መደወል ቀርቶ ከአንዱ የመቐለ ሰፈር ወደ ሌላው መደወል አይቻልም ነበር።

እናም የእንደርታዋ ልጅ ሰማዩ ገና ሳይነጋ በእግሯ ተነሳች። ታክሲ የለም፣ ነዳጅ የለም። ከአንድ ሰዓት በላይ ተጉዛ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ስትደርስ አባ የሉም፤ ሌላ ሰፈር ሌላ ታማሚ ሊቀቡ ወጥተዋል። ደውላ የት እንዳሉ መጠየቅ አትችልም። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀቻቸው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ደክመው ደረሱ። ውኃ እንኳን ሳይጠጡ አብረዋት ተነሱ። በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ድንጋይ ላይ አርፈዋል። እሷ ደግሞ ልታጣድፋቸው እየፈለገች፣ ልታጣድፋቸው እያፈረች።

ሲደርሱ እህቴ ዝም ብላለች።

የሳምረዋ ልጅ «አባ ከመግባታቸው ትንሽ ቀደም ብላ አርፋለች» ትላለች። የውቅሮዋ ልጅ ደግሞ አጥብቃ ትክዳለች፤ እጇን ይዛ ስለነበር የደም ሥሯ ይመታ ነበር ትላለች፣ ዘይቱ ግንባሯን ሲነካ የዓይኗ ቆብ ተንቀሳቅሷል ትላለች። ሁለቱ ስለዚህ ነገር እኔ ፊት ተከራክረዋል፣ ተላቅሰዋል። አንዳቸውም አይዋሹም።

አባን አግኝቼ ጠየቅኳቸው። መስቀላቸውን በእጃቸው እያሻሹ ብዙ ዝም አሉ። «ልጄ፣ አላወቅኩም» አሉኝ። «በአንገቷ ፈለግኩ፣ ጣቴ ደንዝዟል፣ አልታወቀኝም። ስላልታወቀኝ ቀባኋት» አሉኝ። ሥርዓቱም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የላቲን ቤተ ክርስቲያን የቀኖና ሕግ ቁጥር 1005 ታማሚው መሞቱ ካጠራጠረ ይቀባ ይላል። ለምሥራቃውያኑ በ1990 የወጣው ሕግም ራሱን የሳተ ታማሚ ምሥጢሩን እንደሚፈልግ ተቆጥሮ እንዲሰጠው ያዛል። ቤተ ክርስቲያን በጥርጣሬ ጊዜ ወደ ሕይወት ታደላለች። ይህ ብዙ አጽናንቶኛል። ግን ሙሉ መጽናኛ አይደለም፤ እኔ አሁንም አላውቅም። አባ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ቢደርሱ ኖሮ ዓይኗን ገልጣ ታያቸው ነበር። ስልክ ቢኖር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይጠሩ ነበር። እንዲያውም ስልክ ቢኖር፣ መንገድ ቢኖር፣ ኢንሱሊን ይኖር ነበርና ቄስም ባላስፈለጋት ነበር።

ስለ ዘይቱ ልንገራችሁ። አባ የያዙት የተባረከ ዘይት በጠዋቱ ታማሚ ላይ አልቆ ነበር። የወይራ ዘይት መቐለ ከጠፋ ወራት ሆኖታል። ቤት ውስጥ የነበረው ለወጥ የተቀመጠ፣ ከጠርሙስ ሥር የቀረ የኑግ ዘይት ብቻ ነው። ያኔ ዘይት በመቐለ ምን ያህል ውድ እንደነበር በዚያ የነበረ ያውቀዋል፤ ሦስቱ ልጆች ለገና ብለው ነው የቆጠቡት። የውቅሮዋ ልጅ ጠርሙሱን አንስታ «ይሄ ይሆናል?» አለቻቸው። ይሆናል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ይህ ምሥጢር ለሚሞት ሰው ብቻ እንዳልሆነና የሕሙማን ቅባት መባሉ እንደሚሻል ከተናገረ በኋላ፣ ጳጳሱ ጳውሎስ 6ኛ በ1972 ሥርዓቱን ሲያድሱ ወይራ በማይገኝበት አገር ከሌላ ተክል የተጨመቀ ዘይት እንዲያገለግል ፈቅደዋል። በምሥራቁ ሥርዓት ደግሞ ካህኑ ራሱ በዚያው ሰዓት ሊባርከው ይችላል። አባ ከዘይቱ ጥቂት በቡና ሲኒ ቀድተው ባረኩት። ግንባሯን ቀቡ። ከዚያ እጆቿን ዘረጉ። ያን ሁሉ ነጠብጣብ፣ የስኳሩንም የፋብሪካውንም፣ በዘይቱ ዳሰሱት።

እዚህ ላይ ከእናንተ ወደ ራሴና ወደ አባቶቻችን ልዙር፤ አለዚያ ደብዳቤው እውነት አይሆንም።

ከቤታቸው አምስት ደቂቃ በማይሞላ መንገድ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አለ። የእንደርታዋ ልጅ ሌሊቱን ወደዚያ ሮጣ ቄስ ልትጠራ አስባ ነበር። «ካቶሊክ ናት፣ ኃጢአት ይሆንባታል ብዬ ፈራሁ» አለችኝ። ይህን ስትነግረኝ ጥርሶቿ ይንገጫገጩ ነበር። እኔም አላውቅም ነበር፣ በኋላ አባ ናቸው ያስረዱኝ፤ በእኛ ሕግ አንድ ካቶሊክ የራሱን ካህን ማግኘት ካልቻለ፣ ምሥጢራቸው እውነተኛ ነው ከምንላቸው አብያተ ክርስቲያናት ካህን ንስሓን፣ ቁርባንንና ይህንን ቅባት መቀበል ይፈቀድለታል። የዚያ ደብር ካህን እሺ ይሉ ነበር ወይ፣ ያ የእሳቸው ሥርዓት ነው። መጠየቅ ግን ይቻል ነበር። ይህንን ከዐውደ ምሕረት ላይ አንድ ጊዜ እንኳን ለሕዝቡ ሲነግር የሰማሁት አባት የለም። አባቶቼ ሆይ፣ በጦርነት ዓመት ይህ ካልተነገረ መቼ ይነገራል?

የእኔ ደግሞ ይብሳል። በ2011 እህቴ በዚሁ ሕመም ሆስፒታል ገብታ ነበር። እናታችን አባን እንጥራላት ስትል የከለከልኳት እኔ ነኝ። «ቄስ ስታይ የምትሞት ይመስላታል፣ ትደነግጣለች» አልኳት። በቤታችን ሁሉ እንዲህ ነው፤ ቄስ በበሩ ሲገባ ሞት የገባ ይመስለናል፣ የታማሚው እስትንፋስ እስኪወጣ ቄሱን እናዘገየዋለን። ቅባቱ ለሕሙማን መሆኑን፣ ተቀብቶ የዳነ ሰው ዳግም ሲታመም እንደገና እንደሚቀባ አላወቅኩም። ተሽሏት ስትወጣ እናቴ ነገረቻት። «ሓወይ (ወንድሜ)፣ እኔ ብሆን እጠራልህ ነበር» ነው ያለችኝ፣ ሳትቆጣ። ለጓደኞቿም ያኔ ነው የነገረቻቸው፤ ሲከፋብኝ ከወንድሜ በፊት አባን ጥሩልኝ ብላ። ልጆቹ ቃሏን ጠበቁ። እኔ ዕድል እያለኝ አላስጠራሁላትም፣ እናንተ ስትዘጉት ደግሞ መጥራት አማረኝ። ይህን ተሸክሜ እኖራለሁ። የእኔ ጥፋት ግን የእናንተን አያቀልልም።

እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣውን፣ ኢትዮጵያም በ1969 ያጸደቀችውን አራተኛውን የጄኔቫ ስምምነት አንብቤዋለሁ። መምህር ነኝና ማንበብ ልማዴ ነው። አንቀጽ 17 ተፋላሚ ወገኖች ወደተከበበ ሥፍራ የየሃይማኖቱ አገልጋዮች፣ ሐኪሞችና የሕክምና ዕቃ የሚያልፉበትን ስምምነት ለማድረግ እንዲጥሩ ያሳስባል። አንቀጽ 23 መድኃኒትንና ለአምልኮ የሚያስፈልግን ንዋይ ጎን ለጎን ጠቅሶ ለሲቪሉ ሕዝብ እንዲያልፍ ያዛል። እነዚያ ሁለት የዓለም ጦርነት ያዩ ሰዎች ሐኪሙንና ቄሱን በአንድ አንቀጽ፣ በአንድ መንገድ ላይ ነው ያስቀመጧቸው። ለምን እንደሆነ ዛሬ ገብቶኛል፤ የታመመ ሰው ሲጣራ ሁለቱንም ነው የሚጣራው። ሕጉ በአገሮች መካከል ለሚደረግ ጦርነት የተጻፈ ነው ትሉኝ ይሆናል። ለባዕድ ሕዝብ የተፈቀደው ለገዛ ወገን ይከለከላል?

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ጦርነቱን ለማቆም ፕሪቶሪያ ላይ ተፈራረማችሁ። ስትጨባበጡ በቴሌቪዥን አይቻችኋለሁ፤ ደስም ብሎኛል፣ ያኔ እህቴ በሕይወት ያለች ይመስለኝ ነበርና። በሚያዝያ 2016 ደግሞ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸደቀ። የምጠይቃችሁ ካሣ አይደለም። በዚያ ፍትሕ መዝገብ ላይ ጥይቱና ቦምቡ ሲጻፍ ስልኩም ይጻፍ። በከተማው ውስጥ ያለ ስልክ እንኳን እንዳይሠራ ያዘዘው ማን ነው? ሲያዝ ስለ ታማሚዎች የጠየቀ ሰው ነበር? ተጠይቆስ ምን ተባለ? የምታውቁ ሰዎች አላችሁ፤ ያን ቀን በዚያ ክፍል የነበራችሁ አላችሁ። ተናገሩ። የሰሜኑ ጦርነት ካበቃ ወዲህም በሌላ ክልል ስልክ ሲዘጋ ሰምቻለሁ፤ ጎጃም ወይም ወሎ ውስጥ ያለች እናት ለልጇ ስትደውል ያ የተቀዳ ድምፅ ሲመልስላት አስባለሁ። የእሷን ሌሊት አውቀዋለሁ። እባካችሁ፣ መንግሥት ለመዝጋት ምክንያት አያጣም፤ ግን አንድ መስመር፣ ታማሚ ሐኪሙንና የእምነት አባቱን የሚጠራበት አንድ መስመር ክፍት ተዉ።

መቐለ የሄድኩት በየካቲት 2015 ነው። በመጀመሪያ ፓርኩን ሄጄ አየሁ። ሥራ አልጀመረም ነበር፤ በአጥሩ በኩል ሳይ በሼዶቹ መካከል ሣር በቅሏል። ጥበቃው ማንን ፈልጌ እንደሆነ ጠየቀኝ። ማንንም አልኩት።

ከዚያ ልጆቹ ጋ ገባሁ። ቡና አፈሉልኝ። የእህቴን የሥራ ባጅ፣ ነጠላዋንና ስልኳን በፌስታል አድርገው ሰጡኝ። በመጨረሻ የሳምረዋ ልጅ ከማሰሮው ውስጥ፣ ያ የኢንሱሊን ማሰሮ ነው፣ አንዲት ባዶ የኢንሱሊን ብልቃጥ አወጣች። ባዶ አልነበረችም። ያን ቀን አባ በሲኒ ከባረኩት ዘይት የተረፈውን፣ ክዳኑን በቢላ ፈልቅቀው አስገብተው፣ አፏን በፕላስቲክ አስረው አስቀምጠውት ኖሯል። በዚያ ረሃብ፣ ሽሮ ያለ ዘይት በሚበላበት፣ ዓመት ሙሉ አልነኩትም። ምን እንደሚደረግ ስላላወቁ ወንድሟን እየጠበቁ ነበር።

ወደ ማታ አራታችንም ወደ አባ ሄድን። ብልቃጧን ተቀብለው በብርሃን አዩዋት። የተባረከ ዘይት አይደፋም፣ ይነዳል አሉን። በእመቤታችን ሥዕል ፊት ያለውን ቀንዲል አውርደው ዘይቱን ጠብ እስከማይል ድረስ አንጠፈጠፉት፤ አዲስ የጥጥ ክር አደረጉበት። በሩ ክፍት ስለነበር ነፋስ ይገባል፣ ሁለት ክብሪት ጠፋ። በሦስተኛው ላይ እሳቱን በሁለት እጇ ከልላ ያቆየችው የውቅሮዋ ልጅ ናት። ስንወጣ ገና ይነድ ነበር።

ታላቅ ወንድሟ
አዲስ አበባ